በእጅ መዘውር የጕድጓድ ውኃ ስለ መቅዳት

በሰሜን ሸዋ፥ በሲያደብርና ዋዩ ወረዳ የምትገኘው የደነባ አገር አብዛኛው መሬቷ ጥቍር መረሬ ነው። በሐምሌና በነሐሴ ዝናሙ ሲበረታ በዚያ መሬት ላይ ውኃ ተኝቶ ይሰነብታል፤ የእርሻውም ጭቃ የበሬ እግር ይዞ አይለቅም። ጥቅምት አልፎ ኅዳር ሲገባ ግን ያው መሬት ይደርቅና ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁም የሰው ክንድ የሚያስገባ ይሆናል። ምንጩ ይቀጥናል፥ ኵሬው ይደርቃል። ከደጋው ጠርዝ በታች የጀማ ወንዝና ገባሮቹ በጥልቅ ገደል ውስጥ ይወርዳሉ፤ ዳሩ ግን ያን ገደል ወርዶ፥ እንስራ አዝሎ ዳገቱን መውጣት ስንት ጕልበት እንደሚፈጅ የሚያውቀው የወጣው ብቻ ነው። ስለዚህ ሰው በደጁ ጕድጓድ ይቈፍራል።

ጕድጓድ የቈፈረ ሰው ሁለት ሥራ አለበት። አንደኛው ውኃውን ማግኘት፥ ሁለተኛው ያገኘውን ውኃ ማውጣት ነው። የፊተኛው ሥራ ጥቂት ቀን ወይም ጥቂት ሳምንት ይፈጅና ያልቃል። የኋለኛው ግን ጕድጓዱ እስካለ ድረስ ጧትና ማታ ይሠራል እንጂ አያልቅም። የፊተኛውን ወንዶች ይሠሩታል፥ ሲጨርሱም ይመሰገናሉ፤ የኋለኛው በብዙ ቤት የእናቶችና የልጃገረዶች ዕዳ ሆኖ ይኖራል። ይህ ትምህርት ስለዚሁ ስለ ኋለኛው ሥራ፥ ይኸውም በእጅ በሚዞር መዘውር ውኃን ከጕድጓድ ስለ ማውጣት ነው።

የጕድጓድ ነገር ለመጻሕፍት እንግዳ አይደለም። አብርሃም ያስቈፈራቸውን፥ ፍልስጥኤማውያንም የደፈኗቸውን ጕድጓዶች ልጁ ይስሐቅ እንደ ገና እንዳስቈፈረ፥ ስለ ውኃውም የጌራራ እረኞች ከእርሱ እረኞች ጋራ እንደ ተጣሉ በኦሪት ዘፍጥረት ተጽፏል። ርብቃ ለአብርሃም ሎሌ ዐሥር ግመሎች የቀዳችው ውኃ ስንት እንስራ እንደ ሆነ የሚቈጥር አንባቢ ግን ጥቂት ነው። የተጠማ ግመል አንዱ ብቻውን መቶ ሊትር ያህል ሊጠጣ ይችላልና የዚያች ልጅ የዚያን ቀን ሥራ እጅግ ብርቱ ነበረ። ሳምራዊቷም ሴት በያዕቆብ ጕድጓድ አጠገብ ከጌታ ጋራ ስትነጋገር ካነሣችው ነገር አንዱ የጕድጓዱ መጥለቅና የመቅጃ አለመኖር ነው፤ ይህ የባለ ጕድጓድ ሴት ሁሉ ነገር ነው። መጽሐፈ መክብብ ደግሞ በመጨረሻው ምዕራፍ የሰውን እርጅናና ሞት ሲመስል በጕድጓድ ላይ ስለሚሰበር መንኰራኵር ያነሣል። ከዚህም የሚታወቀው በጕድጓድ አፍ መንኰራኵር አቁሞ ውኃ መሳብ በዚያ ጥንታዊ ዘመን የተለመደ መሆኑ ነው።

በኢትዮጵያም ሸክምን በገመድ መሳብ የቈየ ብልሃት ነው። በትግራይ ወደ ደብረ ዳሞ ገዳም የሚወጣ ሰው 15 ሜትር ያህል ቀጥ ያለውን ገደል በጠፍር ገመድ ተንጠላጥሎ ይወጣል፤ በወገቡ የታሰረውንም ሁለተኛ ገመድ ከላይ የቆመው ይስብለታል። በቦረና ደግሞ ቱላ የሚባሉ ጥልቅ ጕድጓዶች አሉ። በነዚያ ጕድጓዶች ሰዎች አንዱ ከአንዱ በላይ በየደረጃው ቆመው፥ እየዘፈኑ፥ ኦኮሌ የሚባለውን መቅጃ ከእጅ ወደ እጅ እያቀበሉ ውኃውን ከብት ወደሚጠጣበት ገንዳ ያወጣሉ። ይህ ሥራ የሚያምረው ብዙ ጕልማሳ ባለበት፥ ዜማውም እጁን በአንድነት በሚያንቀሳቅስበት ስፍራ ነው። አንዲት የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ብቻዋን በቆመችበት ጕድጓድ ግን ጕልማሳም ዜማም የለም።

ብቻዋን በእጇ የምትስብ ልጅ ወደ ጕድጓዱ አፍ ታጐነብሳለች፤ ክብደቱን ሁሉ የሚሸከመው ወገቧ ነው። እጅ በእጅ ስትለዋውጥ ገመዱ መዳፏን ይልጠዋል። የፈሰሰው ውኃ እግሯ የቆመበትን ድንጋይ ያሙለጨልጫል፤ ጕድጓዱም በዙሪያው ግንብ ከሌለው በእርሷና በጥልቁ መካከል የሚከለክል ነገር የለም። «አያቶቻችን በገመድና በባልዲ ቀድተው አልኖሩምን?» የሚል ሽማግሌ አይታጣም። በእውነት ኖረዋል። ነገር ግን ከቀዱት ሴቶች አያቶች መካከል ወገባቸው ሳይጐብጥ ያረጁት ስንት እንደ ሆኑ አብሮ መጠየቅ ይገባል።

መዘውሩ እንዲህ ይሠራል። በጕድጓዱ አፍ ግራና ቀኝ ሁለት ጠንካራ ባላ ይተከላል። በባላዎቹ ላይ ተስተካክሎ የተጠረበ ድቡልቡል ግንድ ይጋደማል። ገመዱ በግንዱ ላይ ይታሰራል፤ ጫፉም ባልዲውን ይይዛል። በግንዱ አንድ ጫፍ ሁለት ጊዜ የታጠፈ ብረት ይገባል፥ ይህም እጀታ ይባላል። እጀታው ሲዞር ግንዱ ይዞራል፤ ገመዱም በግንዱ ላይ እየተጠመጠመ ባልዲውን ወደ ላይ ያወጣል። ለባላው ምስጥ ቶሎ የማይደፍረው ወይራ ወይም ጥድ ይመረጣል። ባሕር ዛፍ በአገሩ ሞልቷል፤ ሳይደርቅ ከተሠራ ግን ይጣመማል፥ ይሰነጠቃልም። ግንዱ በሚዞርበት ቦታ እንጨትና ብረት ሲፋተጉ ስለሚበላሉ ማረፊያውን ከወይራ ሠርቶ በሞራ ወይም በግራሶ ማለስለስ ያስፈልጋል። በከተማ በያጅ ዘንድ የሚሠራው ሁለንተናው ብረት ነው፤ ዋጋው ከፍ ይላል፥ ዕድሜውም እንደዚሁ።

አሁን መምህሩ ጠመኔውን አንሥቶ በሰሌዳ ላይ ቍጥሩን ያሳያል። የግንዱ ወርድ ከዳር እስከ ዳር 20 ሳንቲ ሜትር፥ ይኸውም አንድ ስንዝር ያህል ይሁን። ስለዚህ ከእንብርቱ እስከ ዳሩ 10 ሳንቲ ሜትር ነው። እጀታው ከግንዱ እንብርት እስከ መያዣው 40 ሳንቲ ሜትር ይሁን። 40 ለ10 ሲካፈል 4 ነው፤ እንግዲህ በእጀታው ላይ የሚያርፈው እጅ የሚከብደው የሸክሙ አራተኛ እጅ ብቻ ነው። አንድ ሊትር ውኃ አንድ ኪሎ ስለሚመዝን 10 ሊትር የያዘ ባልዲ ከነባዶ ዕቃውና ከነገመዱ 12 ኪሎ ቢሆን፥ እጅ የሚሰማው 3 ኪሎ ነው፤ ስለ መፋተጉም ጥቂት ይጨመርበታል።

ታዲያ ዘጠኙ ኪሎ ወዴት ሄደ? ተማሪ ሁሉ ይህን ይጠይቃል፥ መጠየቁም መልካም ነው። መዘውሩ ጕልበት አይፈጥርም፤ ክብደቱን በመንገድ ይለውጠዋል። ግንዱ አንድ ጊዜ ሲዞር 63 ሳንቲ ሜትር ገመድ ይጠመጥማል፤ ስለዚህ 12 ሜትር ከሚጠልቅ ጕድጓድ አንድ ባልዲ ለማውጣት 19 ጊዜ ያህል ማዞር ያስፈልጋል። የእጀታው መያዣ ግን በአንድ ዙር ሁለት ሜትር ተኩል ይሄዳል፤ በ19 ዙር 48 ሜትር ያህል ይሆናል። ባልዲው 12 ሜትር ሲወጣ እጅ 48 ሜትር ተጓዘ ማለት ነው። 12 ኪሎ በ12 ሜትር ሲባዛ 144፤ 3 ኪሎ በ48 ሜትር ሲባዛ ያው 144 ነው። በዚህ ሒሳብ የተሰረቀም የተጨመረም የለም።

ስድስት ነፍስ ያለበት ቤት ለእያንዳንዱ ሰው 20 ሊትር ቢሻ በቀን 120 ሊትር፥ ማለት 12 ባልዲ ያስፈልገዋል። ይህ 228 ዙር ነው፤ ባዶውን ባልዲ ማውረዱ ሳይቈጠር። ግንዱን ቢያቀጥኑት፥ ወርዱ 10 ሳንቲ ሜትር ቢሆን፥ ክብደቱ ወደ 1 ኪሎ ተኩል ይወርዳል፤ ዙሩ ግን በእያንዳንዱ ባልዲ 38 ይሆናል። ቢያወፍሩትና 40 ሳንቲ ሜትር ቢያደርጉት ዙሩ ወደ 9 ወይም 10 ያንሳል፤ ክብደቱ 6 ኪሎ ይሆናል። የትኛው እንደሚሻል መምህሩ ሳይናገር ተማሪዎቹን ይጠይቅ። በየቤታቸው የሚቀዱት እነርሱ ናቸውና መልሱ ከብዙ ባለሙያ መልስ የቀና ሊሆን ይችላል።

ይህን በክፍል ውስጥ ለማሳየት ብዙ ወጪ የለም። ድቡልቡል በትር በሁለት በተነደሉ ጣውላዎች መካከል ይገባል፤ በጫፉ ሽቦ ታጥፎ እጀታ ይሆናል፤ በሲባጎ ድንጋይ ይንጠለጠላል። ከዚያም ሽቦው አጥሮ እንደ ገና ሲታጠፍ ያው ድንጋይ እንዴት እንደሚከብድ ልጆቹ በጣታቸው ያውቁታል። በዚሁ ሥራ ሌላም ነገር ይታያል። ሲባጎው በበትሩ ላይ ጐን ለጐን ከመተኛት ይልቅ በላይ በላዩ ቢደራረብ በትሩ የወፈረ ያህል ይሆናል፥ ሸክሙም እየከበደ ይሄዳል። ስለዚህ በእውነተኛው ጕድጓድ የገመዱ ውፍረት አንድ ሳንቲ ሜትር ተኩል ከሆነ፥ 19ኙ ዙር ጐን ለጐን እንዲተኛ ገመዱ የሚጠመጠምበት የግንዱ ክፍል ከ30 ሳንቲ ሜትር ማነስ የለበትም።

መዘውር የሚሠራ አናጢ ቁመቱን የሚለካው በራሱ ደረት ነው፤ ብዙ መዘውርም የሚበላሸው በዚህ ነው። ግንዱ ከመሬት አንድ ሜትር ከፍ ብሎ፥ እጀታውም 40 ሳንቲ ሜትር ከሆነ፥ መያዣው ሲወርድ 60 ሳንቲ ሜትር፥ ሲወጣ ደግሞ አንድ ሜትር ከ40 ይደርሳል። ለጐልማሳ ይህ ደረት ነው። ቁመቷ አንድ ሜትር ከ40 ለሆነች ልጅ ግን እጇ በየዙሩ እስከ ራሷ ጫፍ ይወጣል፤ ከላይ ለመግፋት በጣቷ ትቆማለች፥ በጣት የቆመ ሰውም ኀይል የለውም። ስለዚህ ልኩ የሚወሰደው ከምትቀዳው ልጅ ነው። ወይ የምትቆምበት አንድ ስንዝር ከፍ ያለ የድንጋይ መደብ ይሠራላታል፤ ወይ እጀታው ወደ 30፥ የግንዱም ወርድ ወደ 15 ሳንቲ ሜትር ይቀነሳል። በኋለኛው ሥራ አራተኛ እጅ የሚለው ሒሳብ አይለወጥም፤ ዙሩ ብቻ ወደ 25 ወይም 26 ከፍ ይላል። በግንዱ በሁለቱም ጫፍ እጀታ ማድረግም እጅግ መልካም ነው፤ እኅትማማቾች ፊት ለፊት ቆመው ያዞራሉ፥ ሥራውም በጨዋታ ያልፋል።

ከዚህ ቀጥሎ ያለውን መምህሩ ደጋግሞ ሊያስተምረው ይገባል። ሙሉ ባልዲ በገመድ ተንጠልጥሎ ሳለ እጀታው ከእጅ ቢያመልጥ ባልዲው ይወድቃል፤ ሲወድቅም ግንዱን ወደ ኋላ ያሽከረክረዋል። እጀታውም በወደቀ መጠን ፍጥነቱ እየጨመረ እንደ ዱላ ይዞራል። ልጅ ባልዲው እንዳይጠፋ ብላ እጇን ስትሰድድ ክንዷን ወይም መንጋጋዋን ሊሰብራት ይችላል። ሕጉ እንዲህ ነው፤ ያመለጠ እጀታ አይያዝም፥ ወደ ኋላ ይሸሻል፤ ባልዲ ይተካል። ከሁሉ የሚሻለው ግን እንዳያመልጥ አስቀድሞ ማሰር ነው። በግንዱ ጫፍ የመጋዝ ጥርስ የመሰለ ጥርስ ያለው ጕማጅ ብረት ይደረጋል፤ በባላውም ላይ በራሱ ክብደት የሚወድቅ አጭር መቀርቀሪያ ይሰቀላል። ግንዱ ወደ ፊት ሲዞር መቀርቀሪያው በጥርሶቹ ላይ እየዘለለ ያልፋል፤ ወደ ኋላ ሊል ሲቃጣ ጥርሱን ይነክስና ያቆመዋል። ባልዲ ለማውረድ መቀርቀሪያውን ማንሣት ነው። ይህን በያጅም ቀጥቃጭም ይሠራዋል። መዘውር ሲያሠሩ ዋጋ ለመቀነስ ብለው መጀመሪያ የሚያስቀሩት ይህንኑ መቀርቀሪያ መሆኑ ያሳዝናል።

እስካሁን የተነገረው ስለ ጕልበት ነው፤ ስለ ንጽሕና ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ባልዲና ገመድ ያለው ጕድጓድ አፉ በግድ ይከፈታል። ገመዱ ከብት በቆመበት፥ ዶሮ በጫረበት መሬት ላይ ይጐተታል፤ መልሶም ወደሚጠጣው ውኃ ይገባል። ሁሉም ከቤቱ የየራሱን መቅጃ ካመጣ የአንዱ ቤት በሽታ ለመንደሩ ሁሉ ይደርሳል። መዘውር ይህን በከፊል ያቃናል፤ አንድ ገመድ፥ አንድ ባልዲ ብቻ ይኖራል፥ ገመዱም በግንዱ ላይ ተጠምጥሞ ስለሚያድር መሬት አይነካም። በጕድጓዱ አፍ ዙሪያ ከአንድ ሜትር ጥቂት ያነሰ ግንብ፥ በላዩም የሚከደን የሚቈለፍ ክዳን ሲጨመር፥ ሕፃን አይወድቅበትም፥ አይጥና ቅጠልም አይገባበትም።

አፉን ፈጽሞ ለመዝጋት ለሚሻ ደግሞ በእጅ የሚዞር ሌላ መሣሪያ አለ፤ እርሱም የገመድ ፓምፕ ይባላል። አሠራሩን ለማስረዳት መነኰሳት የሚይዙትን መቍጠሪያ ማሰብ ነው። ጫፍና ጫፉ የተገጣጠመ ረጅም ገመድ ላይ፥ በየሜትሩ ያህል፥ ትንንሽ ክብ የላስቲክ ወይም የፕላስቲክ ፍሬዎች ተሰክተዋል። ገመዱ በላይ በመንኰራኵር ላይ ያልፋል፤ በአንድ ወገን በጕድጓዱ ውስጥ ይወርዳል፤ ከታች በውኃው ውስጥ ዞሮ በሌላው ወገን በፕላስቲክ ቧንቧ ውስጥ ይወጣል። ፍሬዎቹ የቧንቧውን ውስጥ ለመሙላት ጥቂት ብቻ የሚጐድላቸው ናቸው፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ፍሬ በላዩ ያለውን ውኃ እየገፋ ያወጣል፥ ውኃውም በላይ ባለው አፍ ሳይቋረጥ ይፈስሳል። መንኰራኵሩን ከአሮጌ የመኪና ጎማ ጐንና ጐን ቈርጦ መሥራት የተለመደ ነው። አንድ ጐልማሳ ከ10 ሜትር ጥልቀት በደቂቃ ከ30 እስከ 40 ሊትር፥ ከ20 ሜትር ደግሞ ያን እኩሌታ ያህል ሊያወጣበት ይችላል።

የዚህ መሣሪያ ሐሳብ ጥንታዊ ነው። ቻይናውያን ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት ውኃን በሰንሰለትና በሳንቃ ሲያወጡ ኖረዋል፤ በአውሮፓም አግሪኮላ የተባለው ጀርመናዊ ሊቅ በ1556 እ.ኤ.አ. ስለ ማዕድን ቍፋሮ በታተመው መጽሐፉ በእጅ የሚዞሩ የገመድ ግንዶችንና በሰንሰለት ላይ በታሰረ ኳስ ውኃ የሚስቡ ፓምፖችን በሥዕል አሳይቷል። ከዚያ በኋላ ነገሩ ለድኃ ገበሬ እንዲመች ሆኖ በርካሽ ዕቃ እንደ ገና የተሠራው በኒካራጓ አገር ከ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ነው፤ በዚያም በብዙ ሺሕ ጕድጓድ ላይ ቆመ። ወደ ኢትዮጵያ የገባው በ1997 ዓ.ም. ገደማ ሲሆን፥ ከዚያ ወዲህ በልዩ ልዩ ክፍላተ ሀገር በገበሬዎች ጕድጓድ ላይ ተተክሏል። የተበላሸውም ብዙ ነው። ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ገመዱ ሲላላ ወይም ሲበጠስ የሚጠግነው ሰው አለመኖሩ ነው እንጂ መሣሪያው አስቸጋሪ ሆኖ አይደለም፤ ሲሰበር ጕዳቱ በዓይን ይታያል፥ በመንደር ሰውም ይጠገናል። በዚህም መሣሪያ ላይ እጀታውን በድንገት መልቀቅ አይገባም፤ በቧንቧው የቀረው ውኃ መንኰራኵሩን ወደ ኋላ ያዞረዋልና መያዣ መቀርቀሪያ ለዚህም ያሻል።

«ውኃውን ከላይ ሆኖ በሚመጥጥ ፓምፕ ለምን አንስበውም?» የሚል ተማሪ ቢነሣ ጥሩ ጠይቋል። በቧንቧ ውኃ ስንመጥጥ ውኃውን የሚያወጣው አፋችን ይመስላል፤ በእውነቱ ግን የሚገፋው በጕድጓዱ ውኃ ላይ የተጫነው አየር ነው። ይህን ኢጣሊያዊው ቶሪቼሊ በ1643 እ.ኤ.አ. በአስረጅ አሳየ። አየር በባሕር ዳርቻ ሳለ ውኃን ከ10 ሜትር ጥቂት በላይ ሊገፋ ይችላል፥ ከዚያ አያልፍም። ወደ ደጋ በተወጣ ቍጥር አየሩ እየሳሳ ኀይሉ ያንሳል። ከባሕር ወለል ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍ ባለ እንደ ደነባ ባለ አገር ከ7 ሜትር ተኩል ገደማ አይበልጥም፤ በሥራ ላይ ሲውል ደግሞ ወደ 6 ሜትርና ከዚያም በታች ይወርዳል። ስለዚህ በቆላ መልካም ሆኖ የታየ የሚመጥጥ ፓምፕ በደጋ ቢነጥፍ ነጋዴው አታልሏል ለማለት አይቸኰልም፤ ከመግዛት በፊት ግን የጕድጓዱን ጥልቀት በገመድ መለካት ያስፈልጋል። መዘውር፥ የገመድ ፓምፕ፥ እንደዚሁም በብዙ ገጠር የሚታየው ባለ ረጅም እጀታ አፍሪዴቭ ውኃውን ከታች ይዘው ስለሚያነሡ ይህ ወሰን አይዛቸውም።

ለመረሬ መሬት የተለየ ጥንቃቄ አለ። ይህ አፈር ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፥ ሲደርቅ ይኰማተራል። በእርሱ ላይ በቀጥታ የተገነባ የጕድጓድ አፍ ግንብ በአንድ ክረምትና በአንድ በጋ ይሰነጠቃል፤ የተተከለውም ባላ ይዘምማል፥ ባላው ከዘመመ ግንዱ አይዞርም። በበጋ የተከፈተው ስንጥቅ ደግሞ የፊተኛውን ዝናም ከነእበቱ ወደ ጕድጓዱ ያወርደዋል። ስለዚህ በአፉ ዙሪያ ጥቍሩን አፈር አውጥቶ፥ በቀይ አፈር ተክቶ፥ አጥብቆ መጠቅጠቅ፥ በላዩም ውኃ ወደ ውጭ የሚያፈስስ ዘቅዛቃ የሲሚንቶ ወለል መሥራት ይገባል። የላይኛው የጕድጓዱ ክፍል በሲሚንቶ ቀለበት ይያዝ። መጸዳጃ ቤት ቢያንስ 30 ሜትር ርቆ፥ ከጕድጓዱም በታች በኩል ይሁን። ከብት የሚጠጣበት ገንዳ ለብቻው፥ ራቅ ብሎ ይሠራ።

መዘውሩ ጕድጓድ በሚቈፈርበትና በሚጠረግበት ጊዜም ሥራ አለው፤ አፈሩን የሚያወጣው፥ ሰውንም የሚያወርደው እርሱ ነው። በዚህ ጊዜ መቀርቀሪያ የሌለው መዘውር ፈጽሞ አይፈቀድም፤ ቢያንስ ሁለት ሰዎችም በላይ መቆም አለባቸው። በጥልቅ ጕድጓድ ውስጥ ሰውን ድምፅ ሳያሰማ የሚገድል መጥፎ አየር ሊኖር ይችላል። የቈየው ልማድ የበራ ጧፍ ወይም ፋኖስ በገመድ ማውረድ ነው፤ እሳቱ ከጠፋ ሰው አይውረድ። ይሁን እንጂ እሳቱ አልጠፋም ብሎ መተማመን አይገባም፤ እሳት የማያጠፋ መርዘኛ አየርም አለና። በተለይ ውኃ ለመምጠጥ ሞተር ወደ ጕድጓዱ ማውረድ፥ ወይም በአፉ አጠገብ ማስነሣት ሞት ነው፤ የሞተሩ ጢስ ወደ ታች ወርዶ ይከማቻል። ከታች ያለው ሰው መልስ ካልሰጠ ሌላው ሊረዳው ዘሎ መግባት የለበትም፤ በወገቡ በታሰረው ገመድ በመዘውሩ ይሳብ። በእንዲህ ያለ ጊዜ ወንድም ወንድሙን ሊያድን ገብቶ ሁለቱም የቀሩበት ጕድጓድ በአንድ አገር ብቻ የሚሰማ አይደለም።

መዘውሩ ከቆመ በኋላ የማን እንደ ሆነ ካልታወቀ ዓመት አይሞላውም። በጋራ የተሠራ ጕድጓድ ከሆነ መንደርተኛው በዕድር ወይም በሰንበቴ ተሰብስቦ ሳለ አንድ ጠባቂ መሾም፥ ከየቤቱም በየወሩ ጥቂት ገንዘብ ማዋጣት ይሻላል። ከሹሞቹ አንዷ ሴት ትሁን፤ ገመዱ መሳሳቱን፥ ማረፊያው መጮኹን መጀመሪያ የምታውቀው የምትቀዳው ናትና። ግራሶው በየሳምንቱ ይቀባ። የናይለን ገመድ ፀሐይ ያደርቀዋል፤ በግንዱ ላይ ትንሽ የቆርቆሮ ጥላ ቢደረግለት ዕድሜው ይረዝማል። የቃጫ ገመድ ደግሞ ከውስጡ ይበሰብሳል፤ ስለዚህ በየጊዜው ክሩን ፈታ አድርጎ ማየት ያስፈልጋል። ሁለተኛ ገመድ ተገዝቶ በጠባቂው ቤት ይቀመጥ። በትምህርት ቤት ግቢ የሚቈፈር ጕድጓድ ከሆነ የእረፍቱ ወራት ሲመጣ ክዳኑ ይቈለፍ፥ እጀታውም ተነቅሎ በዕቃ ቤት ይደር፤ ትምህርት ሲከፈትም የመጀመሪያዎቹ ባልዲዎች ሳይጠጡ ይደፉ፥ ጕድጓዱም የጤና ሠራተኛ በሚያዝዘው መጠን ክሎሪን ይጨመርበት።

ገመድ ተበጥሶ ባልዲ ቢወድቅ ሦስት ጣት ያለው የብረት መንጠቆ በሲባጎ አውርዶ መፈለግ ነው። ይህ መንጠቆ ከመዘውሩ ጋራ በአንድ ቀን ይሠራ፤ መንጠቆ በሌለበት መንደር ባልዲውን እንዲያወጣ በገመድ ታስሮ የሚወርደው ሁልጊዜ ቀላሉ ልጅ ነው።